ማኅተሙ ከተመታ በኋላ
ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ የሞግዚትነት ትዝብቶች

ፍርድ ቤት በር ላይ፣ በጃንጥላ ሥር ወይም በጠባብ ሱቅ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ጥያቄያቸው አጭር ነው። የሟች ስም፣ የሞቱበት ቀን፣ የልጁ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ ወረቀቱ ለምን እንደተፈለገ። ጆሮዬን የሚስበው የመጨረሻው መልስ ነው። «ለባንክ ነው።» «ለጡረታ ነው።» «ካርታው ላይ ስም ለማዞር ነው።» «ካሳ ሊከፈል ነው አሉ።»

አባቱ ከሞተ ዓመታት ያለፉትን ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ማን አሳደረው? ያው አመልካቹ ሰውዬ ነው። ወረቀት ሳይኖረው አብልቶታል፣ አልብሶታል፣ ሲታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወስዶታል። ስለዚህ ገንዘብ ሲመጣ ወረቀት መፈለጉ ብቻውን ክፋት አይደለም። የሚገርመኝ ፍርድ ቤቱ ልጁን የሚያውቀው ገንዘብ ሲኖረው ብቻ መሆኑ ነው። ምንም ያልወረሰ የሙት ልጅ ስሙ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር አድጎ ይጨርሳል።

*

ሕጉ ሁለት ሰው አስቦ ነበር። አንዱ አሳዳሪ ነው፤ የልጁን አካል፣ ጤናና ትምህርት ይጠብቃል። ሌላው ሞግዚት ነው፤ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በስሙ ይፈርማል። ወላጆች በሕይወት ሳሉ ሁለቱንም አብረው ይይዛሉ፤ አንዱ ሲሞት ለቀሪው ያልፋል። ወላጅ በሌለበት ግን ሁለቱን ሥራ ለሁለት ሰው መስጠት ይቻላል። ይህ በጣም ብልህ ሐሳብ ነው፤ የሚያበላው ሌላ፣ የሚቆጥረው ሌላ ከሆነ አንዱ ሌላውን ያያል።

በተግባር ግን «ሞግዚትና አሳዳሪ አድርጎ ይሹምልኝ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጠየቃል፣ በአንድ ትንፋሽም ይሰጣል። ተያይቶ እንዲጠባበቅ የታሰበው ሁለት ሰው አንድ ሰው ሆኖ ይወጣል።

*

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሞግዚትን የሚቆጣጠርለት የዘመድ ጉባኤ ነበረው። ትልልቅ ጉዳይ ሲመጣ ሞግዚቱ ጉባኤውን ያማክራል፣ ያስፈቅዳል። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ እሱን ተከትሎም የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ይህን ሥልጣን ከዘመድ ወስደው ለፍርድ ቤት ሰጡ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጉባኤው ላይ የሚቀመጡት አጎቶች ራሳቸው የርስቱ ተፎካካሪዎች ነበሩ።

ተገቢ ነበር እላለሁ። ነገር ግን የዘመድ ጉባኤ ቢያዳላም ጎረቤት ነበር። ልጁ በባዶ እግሩ ሲሄድ ያያል፣ ከትምህርት ቤት ሲቀር ይሰማል። ዳኛው የሚያየው መዝገብ ነው። ዳኝነቱ ነጻ ሆነ፤ ዓይኑ ግን ራቀ።

*

ሞግዚት ሲሾም ውሳኔው በዚያች በለመድናት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

በአጥር ክርክር ወይም በብድር ክስ ይህ ትክክል ነው። ተከራካሪዎቹ ተለያይተዋል፤ የቀረው አፈጻጸም ነው። በሞግዚትነት ግን ሥራው የሚጀምረው ያን ቀን ነው። ልጁ አምስት ዓመቱ ከሆነ አሥራ ሦስት ዓመት ገና ይቀረዋል። ሞግዚቱ የልጁን ንብረት ቆጥሮ እንዲመዘግብ፣ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊሸጥ ሲል ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ የልጁን ሀብት በስጦታ እንዳያወጣ፣ ሥራው ሲያበቃ ሒሳብ እንዲያስረክብ ሕጉ ያዝዛል። ያላግባብ ካስተዳደረ ሊሻር ይችላል። ሁሉም ተጽፏል። የሚፈጸመው ግን አንድ ሰው መዝገቡን ሲያስከፍት ብቻ ነው።

ማነው የሚያስከፍተው? ልጁ ሕፃን ነው፤ የሚወክለው ሞግዚቱ ነው። ሞግዚቱ ራሱን አይከስም። ዘመድ መክሰስ ይችላል፤ ዘመድ ግን ለሰርግና ለቀብር አብሮ ስለሚቆም ጠብ አይፈልግም። «የቤት ገመና» ይላል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይሄዳል፣ ልጁ ያድጋል፣ ሱቁ በሌላ ሰው ስም ሆኖ ይገኛል።

ፈቃድ የተሰጠበትን ሽያጭ እንኳ ዋጋው የት እንደገባ ማን ይጠይቃል? ዳኛው «ለልጁ ጥቅም እንዲውል» ብሎ ይጽፋል። ደረሰኝ አምጣ የሚለው ቀጠሮ ግን እምብዛም አይሰጥም። አንድ የቀጠሮ መስመር ነበር የሚያስፈልገው፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ሞግዚቱም ልጁም የሚቀርቡበት።

*

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደቀረ፣ የቀረው ልጅ የት እንዳደረ የሚያውቅ አንድ ተቋም አለ፤ እሱም ቅሬ ነው። ሌላ አገር እድር የሚሉት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ ድንኳንና ብረት ድስት የሚያወጣበት፣ ያልመጣ አባል የሚቀጣበት ማኅበር ነው። የቅሬ ዳኛ የሰፈሩን ሙት ልጆች በስም ይቆጥራል።

ይህ ሁሉ እውቀት ፍርድ ቤት የሚገባው በምስክርነት ብቻ ነው። «ሟችን አውቃቸዋለሁ፣ ይህ ልጃቸው ነው፣ አመልካች ወንድማቸው ናቸው።» ምስክሩ ፈርሞ ወጣ፣ አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ «ልጁ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅ ግን ከማንም ማኅበራዊ ሠራተኛ ቀድሞ መልስ ይሰጥ ነበር። ለቀብር የመጣውን የሚቆጥር ሰው ትምህርት ቤት ያልሄደውን መቁጠር አያቅተውም።

(ቅሬን የፍርድ ቤት ሹም እናድርገው አላልሁም። የቅሬ ዳኛም አጎት ነው።)

*

አንድ ትምህርት ቤት ምዝገባ ቀን፣ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው።

«ወላጅ ነዎት እማማ?»

«አያቱ ነኝ።»

«እናቱስ?»

«ዓረብ አገር ናት።»

«አባቱስ?»

«እሱም ሄዷል። የት እንደገባ አላህ ይወቅ።»

«የሞግዚትነት ወረቀት ይዘዋል?»

«ኧረ ልጄ! እኔ ነኝ እኮ በእቅፌ ያሳደግሁት።»

መዝጋቢዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ከኋላቸው ያለው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ አስረዳቻቸው። አሮጊቷ ግን ያልገባቸው ነገር አልነበረም፤ የተጠየቁት ያላቸውን ሳይሆን የሌላቸውን ነው።

ደቡብ ወሎ ሰው ወደ ሳዑዲ የሚልክ አገር ነው። ከኮምቦልቻ ቁልቁል በባቲ በኩል አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ የመን። በአውሮፕላን የሚሄደውም ብዙ ነው። ልጆቹ አያት ዘንድ ይቀራሉ። ሕጉ ሲያያቸው ወላጅ አላቸው። አባትም እናትም በሕይወት አሉ፤ ሞግዚትነቱ ያለው እነሱ እጅ ነው። አያቷ ግን ሕግ የማያውቃቸው አሳዳሪ ናቸው። ልጁ ሲታመም ለቀዶ ሕክምና የሚፈርም፣ ፓስፖርት ሲያስፈልግ የሚያመለክት ሰው የለም። ስልክ ይደወላል፣ እናት ከሪያድ ታለቅሳለች፣ ውክልና ለመላክ አሠሪዋ ወደ ኤምባሲ ሊወስዷት ይገባል፣ አሠሪዋ አይወስዷትም።

ሟች የሌለበት ማመልከቻ መጻፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹንም ያስቸግራቸዋል። ወላጅ ሥራውን መወጣት በማይችልበት ጊዜ ፍርድ ቤት ሌላ ሰው መሾም ይችላል፤ ይህን ለአያቷ የነገራቸው የለም።

*

ባሕሩ ላይ የጠፋውስ? ሰውዬው ጀልባ ገብቷል ተባለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። የሞት ማስረጃ የሚሰጠው ቀበሌ የለም፤ አስከሬንም የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው እንደጠፋ በፍርድ ሊታወጅ እንደሚችል ይናገራል። ይህንን ውሳኔ የምትጠይቅ ሚስት ግን ማመልከቻው ላይ ከመፈረሟ በፊት ከአማቷ ጋር መጣላት አለባት። እናት ልጇ ሞቷል ብላ አትፈርምም። ስለዚህ መዝገቡ ሳይከፈት ይቀራል፤ የልጆቹ ድርሻም ታግዶ ይቀመጣል። በዚህ ጉዳይ ሕጉን አልወቅስም። አማቷንም አልወቅስም።

*

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ከሆነ። በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነት በስም ጠቅሶ ከሥልጣናቸው ውስጥ አስገብቷል። በክልሉም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ።

ወሎ ውስጥ ግን አንድ ቤት ሁለት እምነት መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። አጎት ሼኽ፣ አክስት የማርያም ማኅበር ጠጪ። ልጅ ሲተርፍ አንደኛው ወገን ወደ ቃዲው፣ ሌላው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ያመራል። ቃዲው ፊት ለመዳኘት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ይሄዳል። ሁለቱም አዋቂዎች በየራሳቸው ተጠይቀው «እሺ» ወይም «እምቢ» ይላሉ። የሚዳኘው ግን የልጁ ኑሮ ነው፤ እሱ ፈቅዶ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አላየሁም።

*

የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት ሁሉ ይበልጣል። ልጁን ያሳደገችው አክስት ናት። እናት ሞታለች። በሕፃንነቱ ትቶት የሄደው አባት ሞግዚትነቱ ይገባኛል አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም በቤተሰብ ሕጉ መሠረት አንዱ ወላጅ ሲሞት ሥልጣኑ ለሌላው ነውና ይገባሃል አሉት። ሰበር ይህን ሻረ። የሕጉን ፊደል ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ ከተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጋር አስተያይቶ፣ ቀዳሚው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ አክስቲቱ ዘንድ አስቀረው።

የሰበር ትርጓሜ አስገዳጅ ነው፤ የሥር ፍርድ ቤት ሁሉ ይከተለዋል። ግን ይህ ክርክር እስከ ሰበር የደረሰው አክስቲቱ ስለተከራከረች ነው። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ልጁ አባቱ ቤት ነበር፤ መዝገቡም ተዘግቶ።

*

አሁን ወደ አዋቂዎቹ።

ፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ አእምሮ ሕሙማን ሲናገር አንድ አስደንጋጭ አንቀጽ አለው። ከ2,000 በታች ሕዝብ ባለበት የገጠር ቀበሌ አንድ ሰው ሕመሙ የታወቀ ነው የሚባለው፣ ቤተሰቡ ወይም አብሮት የሚኖረው ሰው በሕመሙ ምክንያት ሲጠብቀውና እንደልቡ እንዳይዘዋወር ሲከለክለው ነው። እንግዲህ በጓዳ የታሰረው ሰው እስሩ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። ለመታሰሩ ምክንያት የተጠየቀ የለም፤ መታሰሩ ግን የፈረመው ውል እንዲፈርስ ምክንያት ይሆናል።

የአንቀጹ አሳብ ክፉ አልነበረም። በጨለማ ቤት ያለን ሰው አስፈርሞ መሬቱን የወሰደ ሰው «አላወቅሁም» እንዳይል ነው። ነገር ግን የእግር ብረትን በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ያስበረግጋል።

*

ሰው ንብረቱን ራሱ እንዳያስተዳድር በፍርድ መከልከል ሌላው መንገድ ነው። አመልካቹ ራሱ ሕመምተኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ከወሰነ በኋላ አዋቂው ሰው በሕግ ዓይን ሕፃን ይሆናል። አሳዳሪና ሞግዚት ይሾምለታል፤ የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ደንብ ይገዛዋል። ሃምሳ ዓመት ነግዶ የኖረ ሰውም ቢሆን።

ያን ሕግ ያረቀቁልን ፈረንሳዊው ሬኔ ዴቪድ ነበሩ። አገራቸው ይህንኑ ሥርዓት በ1968 እ.ኤ.አ. ጥላ እንደ ሰዉ አቅም የሚለያይ ጥበቃ አወጣች። እኛ ሕጉን ካወጅን ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ያው ሕግ ዛሬም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ አንቀጽ 12ቱ ሰው በሕመሙ ምክንያት የሕግ ችሎታውን እንዳያጣ፣ ይልቅ ለመወሰን እገዛ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚነጋገሩ አይመስሉም።

ሀብት ያለውና ጠበቃ የሚከፍል ሰው እንኳ ከዚህ እጅ ለመውጣት ይቸገራል። ዘፋኟ ብሪትኒ ስፒርስ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአባቷ ሞግዚትነት ሥር ገብታ ነጻ ለመውጣት አሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል፤ በነዚያ ዓመታት መድረክ ላይ ወጥታ ትዘፍን ነበር። ደሴ ሆጤ ሰፈር ያሉትን ሽማግሌስ ማን ይሰማቸዋል?

*

ከክልከላው ይልቅ የተለመደው ግን ዝምታ ነው። እናት ስማቸውን መርሳት ጀምረዋል፤ ልጆቹ ጅዳ፣ ዋሽንግተን፣ አዲስ አበባ። ደሴ ያለው ልጅ እናቱ ደህና ሳሉ የፈረሙለት ውክልና አለው። በእሱ ኪራይ ይሰበስባል፣ ግብር ይከፍላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ቤቱን ይሸጣል።

ውክልና ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ይቀራል። ይህን ሕግ ውክልናውን የሚቀበለው ባንክ አያውቅም ማለት አይደለም፤ እናትየው መርሳታቸውን ነው የማያውቀው። የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው። ውጭ ያሉት ፍርድ ቤት ሂድ ቢሉት «እናቴን እብድ ላስብል?» ይላቸዋል፤ እውነቱን ነው፣ ሕጉ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ ግን እነዚያው ልጆች እናታቸው በዚያን ጊዜ አእምሯቸው ልክ እንዳልነበር ለማስረዳት የሐኪም ወረቀት ይፈልጋሉ።

*

ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽ ሲነሳ ንጉሥ ሚካኤል ይነሳሉ፤ እሳቸው ሲነሱ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ። በ1901 አጼ ምኒልክ በሕመም ተይዘው አልጋ ላይ ሳሉ ገና አዳጊ የሆነውን የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ። አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ የታመመ አዋቂና ያልደረሰ ልጅ፣ ለሁለቱም ጠባቂ። እቴጌ ጣይቱ የታመመውን ይዘው ይገዙ ነበር፤ በመጋቢት 1902 መኳንንቱ አስወገዷቸው። ራስ ተሰማ በ1903 ሲሞቱ በምትካቸው ሌላ እንደራሴ አልተሾመም። ልጁ ብቻውን ቀረ፤ መስከረም 1909 ተሻረ፤ አባቱ ጦር አስከትለው መጥተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

አጼ ምኒልክ አዋጁን ለማስከበር የያዙት መሣሪያ እርግማን ነበር። ቃሌን ያፈረሰ፣ አደራዬን የበላ የተረገመ ይሁን። ዳኛ የሌለው አደራ ያለው ኃይል ያ ነው፤ ዛሬም ሟች አባት ወንድሙን ጠርቶ ልጁን የሚያስረክበው በዚያው ቃል ነው።

*

በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዙ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ፣ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተዘረፈ፣ ደሴ ሆስፒታልም እንዲሁ። ወረቀት የጠፋበት ሕዝብ ወረቀት መልሶ ለማግኘት ወረቀት ይጠየቃል። ከወለጋ ተፈናቅለው ሐይቅ አካባቢ ጃሪ መጠለያ የገቡት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ገጥሟቸዋል። ልጁን ይዛ የመጣችው ጎረቤት ናት። የአባቱን ሞት የሚያረጋግጠው ቀበሌ መመለስ የማይቻልበት ቦታ ነው። ዘመድም አይደለችም። ልጁ «እማ» ይላታል።

*

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ሳልል አልቀርም። ጠንቃቃ ዳኛ የልጁን ድርሻ በስሙ ዝግ ሒሳብ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ማንም አይነካውም። ኮምቦልቻ ላይ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና የባቡር ሐዲዱ ማሳ ሲወስዱ የሙት ልጅ ካሳ ካለ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። ከአጎት የሚያድን መንገድ ነው፤ ዳኛውን አመሰግናለሁ።

የቁጠባ ወለድ ወለሉ በ2010 ሰባት በመቶ ሆነ። የዋጋ ንረቱ በ2014 ከሠላሳ በመቶ አልፎ ነበር። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ከዶላር ጋር የነበረው ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በ2009 አንድ ክፍል ቤት ይገዛ የነበረ ገንዘብ ባለቤቱ አሥራ ስምንት ሲሞላው ያንኑ ክፍል አይገዛም። ማንም አልሰረቀውም፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥርም አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨምሯል።

ሞግዚቱ «ገንዘቡን አውጥቼ ለልጁ ቦታ ልግዛለት» ብሎ ማመልከት ይችላል። ዳኛው ይጠረጥረዋል፤ መጠርጠሩም ሥራው ነው። እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ሁለቱም ይፈሩታል፤ ሞግዚቱ ሌባ እንዳይባል፣ ዳኛው የልጅ ገንዘብ አስወጣ እንዳይባል። ስለዚህ ሒሳቡ እንደተዘጋ ይቆያል።